ልብን የሚያግዝ ፓምፕ፦ አሠራሩና የሕሙማኑ ዕድሜ

ልብ ከፊዚክስ አንጻር ሲታይ ፓምፕ ነው። የጤናማ ሰው ልብ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። ይህን ፍሰት 100 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ከሆነው አማካይ የደም ግፊት ጋር ብናባዛው፣ የልብ የግራ ክፍል በሴኮንድ የሚያከናውነው ሥራ ከአንድ ጁል ጥቂት እንደሚበልጥ፣ ማለትም አንድ ዋት ያህል እንደሆነ እንረዳለን። የልብ ድካም ሲጸና የሚጎድለው ይህችው አንድ ዋት ናት። በዚህ ጽሑፍ ጉድለቱን ለመሙላት የተሠራው መሣሪያ ሕሙማንን ምን ያህል እንደጠቀመ ለመዳሰስ እንሞክራለን።

እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ይፋ በሆነ ጥናት ንቅለ ተከላ የማይቻልላቸው 129 ሕሙማን ታይተዋል። ፓምፕ ከተገጠመላቸው 52 በመቶ፣ በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት ደግሞ 25 በመቶ አንድ ዓመት ኖረዋል። ሁለት ዓመት የሞላቸው ግን 23 እና 8 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዚያ ዘመን ፓምፕ እንደ ልብ እየተነፋና እየተኮማተረ የሚሠራ በመሆኑ ቶሎ ይበላሽ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ያለማቋረጥ የሚሽከረከር ፓምፕ ነው። ከእነዚህ መካከል ሀርትሜት 3 የተባለው ተሽከርካሪ ክፍሉ በማግኔት ኃይል ተንሳፎ ስለሚዞር አካሉ ከአካል አይፋተግም፤ ደምም በሰፊ ክፍተት ስለሚያልፍ የመርጋት ዕድሉ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው የአምስት ዓመት ክትትል መሠረት 58 በመቶ ያህሉ ሕሙማን በሕይወት ሲገኙ፣ በቀድሞው ሀርትሜት 2 ግን 44 በመቶ ያህል ነበሩ።

ይሁን እንጂ የመድማት፣ የስትሮክና የኢንፌክሽን አደጋ አልተወገደም። የኤሌክትሪክ ገመዱ የሆድን ቆዳ በስቶ ስለሚወጣ ሕሙሙ እንደ አምቦ ፍል ውሃ ባለ መዋኛ ገብቶ መታጠብ አይችልም። ባትሪዎቹ ቢበዛ 17 ሰዓት ያህል ያገለግላሉ፤ ስለዚህ አስተማማኝ መብራት የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ዘወትር መውሰድና ደምን በየጊዜው ማስመርመርም ግድ ነው። ከዚህም በላይ የደም ሥር ምቱ በእጅ ላይዳሰስ ስለሚችል፣ ይህን የማያውቅ የጤና ባለሙያ ሕያውን ሰው እንደሞተ ሊቆጥር ይችላል።

ለምዕራብ ሸዋ ከዚህ የሚበልጥ ቁም ነገር አለ። በአገራችን ከልብ ድካም ዋና ዋና መንስኤዎች አንዱ በልጅነት ከሚይዝ የጉሮሮ ሕመም የሚነሣው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ይህ ሕመም የልብን ቫልቭ ያጠባል። ፓምፑ ደም የሚቀዳው ከግራው የታችኛው የልብ ክፍል ነው፤ ወደዚያ የሚያስገባው ቫልቭ ከጠበበ የሚቀዳው ደም ያንሳል። ጉድጓዱ ውሃ ካልያዘ የፓምፑ ጥንካሬ ምን ይረባል?

ስለዚህ የቫልቭ ሕክምና ይቀድማል። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ የጀመረው የልብ ማዕከል የሚሰጠውም ይህን የመሰለውን ነው። ከሁሉ የሚቀድመው ግን መከላከል ነው። ከግንጪ እስከ ባኮ ያሉ ወላጆችና መምህራን ትኩሳት ያለበትን የልጅ ጉሮሮ ሕመም በቸልታ ሳያልፉ ወደ ጤና ጣቢያ ቢያደርሱ፣ ሕመሙ ጀምሮት የተገኘም ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠውን የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ባያቋርጥ፣ ልብ ፓምፕ ከሚያሻበት ደረጃ ሳይደርስ ሊተርፍ ይችላል። ያቺን አንድ ዋት በብልቃጥ መድኃኒት ማቆየት፣ ከጠፋች በኋላ በማሽን ከመተካት እጅግ ይቀላል።