ከኮላ ፍሬ እስከ ቡና ቀላ

ልጅዎ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ይገባል? እንግዲያው እንግሊዝኛው ሳያሳስብዎት አይቀርም። እኔም ማኔጅመንት ልማር ስገባ ትልቁ ጭንቀቴ እሱ ነበር። ሰዋስው አልከበደኝም፤ የከበደኝ አፌን መክፈት ነው። የምናነባቸው ምንባቦች ስለ በረዶ ሸርተቴና ስለ ለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ነበሩ። መምህሩ «ምን ይመስላችኋል?» ሲሉ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ስለማናውቀው ነገር ምን ይመስለናል?

በሁለተኛው ሴሚስተር አዲስ መምህርት መጡ። ያነበብነው ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ እ.ኤ.አ. በ1958 ካሳተመው «ቲንግስ ፎል አፓርት» ልብ ወለድ ጥቂት ገጾችን ነበር። አንድ ሰው ያበደረውን ገንዘብ ሊጠይቅ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። ግን ዘሎ ወደ ጉዳዩ አይገባም፤ በኢግቦዎች ወግ መጀመሪያ የኮላ ፍሬ ይቀርባል፣ ይጸለይበታል፣ ይቆረሳል። ዕዳው የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

መምህርቷ «በእናንተ ቤት እንግዳ ሲመጣ ምን ይቀርባል?» አሉን።

ከቦረና የመጣ፣ ድምፁን ሰምተነው የማናውቅ ልጅ እጁን አወጣ። የቡና ፍሬ ከነገለፈቱ በቅቤ ተጠብሶ ስለሚቀርብበት ቡና ቀላ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ነገረን። «የሚበላ ቡና?» ብላ ከጎጃም የመጣች ልጅ ጠየቀችው፤ እሷም በእንግሊዝኛ። ክፍሉ ሞቀ። እኔ ግን አፈርኩ። ያን ያህል ወር ከጎኑ ተቀምጬ ስለ ቤቱ አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም ነበር።

ነገሩ ቀላል ነው። አንባቢ የሚያውቀውን ወግ በሌላ ሕዝብ ታሪክ ውስጥ ሲያገኝ የማያውቃቸውን ቃላት ከሕይወቱ ተነስቶ ይገምታል። የሚናገረው ስላለውም ቃል ፍለጋ ይወጣል።

ጥያቄውን ደግሞ ልብ ይበሉ። መምህርቷ «በእናንተ ብሔረሰብ» አላሉም፤ «በእናንተ ቤት» ነው ያሉት። ማንም ተማሪ የሕዝቡ ሁሉ ቃል አቀባይ እንዲሆን አልተገደደም።

ይህን እርስዎም ቤትዎ ይሞክሩት። ከአቼቤ ወይም ጎጆ ያቃጠለውን ሰው ለማግኘት መንደርተኛው ስለሚሰበሰብበት ልማድ ከሚተርከው ከሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም «ዘ አፈርሳታ» ሁለት ገጽ ብቻ ከልጅዎ ጋር ያንብቡ። ከዚያ «እኛ ቤት ቢሆንስ?» ብለው ይጠይቁ። ሲመልስ ስህተቱን ለማረም አይቸኩሉ፤ ጨርሶ ይናገር። ያኔ ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ እንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ መጠየቅም ይችላል።