የቆሽት ካንሰር ፊታውራሪዎች

የተናደደ ሰው «ቆሽቴ አረረ» ይላል፤ ቆሽቱ የት እንዳለ ሲጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ ሆዱን በደፈናው ይነካል። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ተጋድሞ ኢንሱሊንና ምግብ የሚያዋሕድ ፈሳሽ የሚያመነጭ አካል ነው። በዚያ ተሸሽጎ ስለሚያድግ፣ ካንሰሩ የሚታወቀው ብዙውን ጊዜ ከረፈደ ነው። ዓይን ቢጫ ሲሆንና ሰው «የወፍ በሽታ ነው» ሲል፣ ዕጢውን ቆርጦ ማውጣት የማይቻልበት ደረጃ የደረሱ ብዙዎች ናቸው። በጊዜ ከወጣላቸውም መካከል ብዙዎቹ ላይ ካንሰሩ ቆይቶ ጉበት ውስጥ ብቅ ይላል። ይዛመት እንደሆነ አስቀድሞ የሚጠቁም ምልክት፣ ማለትም ባዮማርከር፣ አጥብቆ የሚፈለገው ለዚህ ነው።

በየላቦራቶሪው የተለመደው ባዮማርከር ሲኤ 19-9 ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ37 ዩኒት ሲያልፍ ያጠራጥራል፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ አልወርድ ካለ ደግሞ ካንሰሩ የሆነ ቦታ መቅረቱን ይጠቁማል። ብቻውን ግን አይታመንም። የሐሞት ቱቦ በጠጠር ሲዘጋም ይጨምራል፤ በተፈጥሯቸው ጨርሶ የማያመነጩት ሰዎችም አሉ።

ለእኔ ከሁሉ የሚያስደንቀው እ.ኤ.አ. በ2015 ኒው ዮርክ በሚገኘው ዋይል ኮርኔል የሕክምና ኮሌጅ የዴቪድ ላይደን ቡድን ያሳተመው ግኝት ነው። በድሮ ዘመቻ ፊታውራሪ ከዋናው ጦር እንደሚቀድም ሁሉ፣ የቆሽት ካንሰርም ኤክሶሶም የሚባሉ እጅግ ደቃቅ ከረጢቶችን በደም ወደ ጉበት ይልካል። የጉበት ዘበኛ የሆኑት የኩፕፈር ሕዋሳት እንግዶቹን ይውጧቸዋል። የተዋጠው ነገር ግን ዘበኞቹን ያሳስታቸዋል፤ በሚያስተላልፉት መልእክት ጎረቤት ሕዋሳት ፋይብሮኔክቲን የሚባል ፕሮቲን ያነጥፋሉ፣ ከመቅኔ የመጡ ሕዋሳትም በንጣፉ ላይ ይሰፍራሉ። አንድም የካንሰር ሕዋስ ሳይደርስ ማረፊያው ተሰናዳ ማለት ነው።

እነዚህ ከረጢቶች ሚፍ የሚባል ፕሮቲን ይሸከማሉ። በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ከነበሩ ሕመምተኞች መካከል፣ ኋላ ካንሰሩ ወደ ጉበት በተዛመተባቸው ላይ ሚፍ ካልተዛመተባቸው ይልቅ በዝቶ ተገኝቷል። ኤክሶሶምን ከደም መለየት አድካሚ ሥራ ስለሆነ፣ የሚፍ ምርመራ እንደ ሲኤ 19-9 በየሆስፒታሉ የሚታዘዝ አይደለም።

ተመራማሪዎቹ አንድ እርምጃ ጨምረው በአይጦች ላይ ሚፍን አገዱት። ንጣፉ ሳይነጠፍ ቀረ፤ ወደ ጉበት የሚደረገው ጉዞም ተገታ።