ኢንሱሊን በስብ ሕዋስ ደጅ፤ የታይሮሲን ካይኔዝ ሥራ

በቆቦና በአላማጣ መካከል የምትገኘውን ዋጃን የሚያውቅ ሁሉ፥ ገበሬው ማሽላውን ሰብስቦ ለክፉ ቀን የሚሆነውን በጎተራ እንደሚያኖር ያውቃል። የሰው ሰውነትም እንዲሁ ያደርጋል፤ ጎተራውም የስብ ሕዋስ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የዚህ ጎተራ በር በምን ትእዛዝ እንደሚከፈት ለማስረዳት እንሞክራለን።

ከምግብ በኋላ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ሲበዛ ቆሽት ኢንሱሊንን ያመነጫል። ኢንሱሊን ትእዛዙን ለማድረስ ወደ ሕዋሱ መግባት አያስፈልገውም፤ በሽፋኑ ላይ ካለው ተቀባይ ፕሮቲን ጋር ይያያዛል። ተቀባዩ አራት ክፍሎች አሉት። ሁለቱ አልፋዎች በውጭ ሆነው ኢንሱሊንን ይይዛሉ፤ ሁለቱ ቤታዎች ሽፋኑን አልፈው ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። የቤታው ውስጣዊ ወገን ታይሮሲን ካይኔዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ሥራውም ከኤ.ቲ.ፒ. ፎስፌት ወስዶ ታይሮሲን በተባለው አሚኖ አሲድ ላይ ማሳረፍ ነው። ፎስፌቱን በደብዳቤ ላይ እንደሚያርፍ ማኅተም ብንቈጥረው ነገሩ ይቀላል።

ኢንሱሊን በተያያዘ ጊዜ ሁለቱ ቤታዎች አስቀድመው እርስ በርሳቸው ይተታተማሉ፤ በዚህም ኃይላቸው ይበረታል። ቀጥለው አይ.አር.ኤስ. የተባለውን መልእክተኛ ፕሮቲን ያትማሉ። ትእዛዙ ከዚያ ወደ ፒ.አይ.3 ካይኔዝ፥ ከእርሱም ወደ ኤ.ኬ.ቲ. ይተላለፋል፤ እነዚህ ግን የታይሮሲን ካይኔዝ ወገን አይደሉም። በመጨረሻ ግሉት 4 የተባሉት ስኳር አስገቢዎች ከሕዋሱ ውስጥ ካሉት ትንንሽ ከረጢቶች ወደ ሽፋኑ ወጥተው ስኳሩን ያስገባሉ። የተከማቸውም ስብ እንዳይፈርስ ይከለከላል።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን የታወቀ አይደለም። ኢንሱሊን በቶሮንቶ የተገኘው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1921 ነው። ማርቲን ሮድቤል የስብ ሕዋሶችን ከአይጥ ለይቶ ማውጣቱን በ1964 አሳተመ። የስኳር አስገቢዎቹ ጉዞ በእንዲህ ያሉ ሕዋሶች በ1980 ታየ። ካሱጋና ካን ከባልደረቦቻቸው ጋር ኢንሱሊን በተቀባዩ ታይሮሲን ላይ ፎስፌት እንዲያርፍ እንደሚያደርግ ያሳዩት በ1982 ነው።

ትእዛዙ የሚሰናከልበት ጊዜም አለ። ኢንሱሊን ሳይጎድል ሕዋሱ አልታዘዝ ይላል። ከሚታወቁት ምክንያቶች አንዱ፥ አይ.አር.ኤስ. በታይሮሲኑ ፈንታ በሴሪን ላይ ሲታተም መልእክቱ መዳከሙ ነው። ቆሽትም አብዝቶ ለማመንጨት ይገደዳል፤ በደከመ ጊዜ የስኳር በሽታ ይከተላል።

ነገሩ ለራያ ቆላ ሰው ሩቅ አይደለም። ከ1975 እስከ 1977 ዓ.ም. በነበረው ረኀብ ጊዜ በማሕፀን የነበሩ ሰዎች በራያ ቆቦ ወረዳ ተጠንተው ነበር። የወገብ ውፍረት፥ የደም ግፊት፥ የደም ስኳርና የደም ስብ መታወክ ተደራርቦ የሚታይበት ሁኔታ ከሌሎች ይልቅ በእነርሱ ላይ በዝቶ ተገኝቷል። ይህም ሁኔታ ከኢንሱሊን አለመታዘዝ ጋር በቅርብ የተዛመደ ነው። ጥናቱ ግን የስብ ሕዋሳቸውን ውስጣዊ ሥራ የሚመረምር አልነበረም፤ ያ ሥራ ለተመራማሪዎች የቀረ ነው።

ስለዚህ የስኳር በሽታ የጠገበ ሰው በሽታ ብቻ ነው የሚለውን አሳብ ልንተወው ይገባል። እናቱ በተራበችበት ዘመን የተፀነሰው የዋጃ ሰው ዛሬ አርባ ዓመት አልፎታል፤ ምንም ሕመም ባይሰማው እንኳ የደሙ ስኳርና የደሙ ግፊት ቢለካለት መልካም ነው እንላለን።