የሕንፃ ዕቃ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር

ሲሚንቶና ብረት የሚያስመጣም ሆነ ብሎኬት በሱቁ የሚሸጥ ነጋዴ ትእዛዝ የሚቀበለው ከሕንፃው ንድፍ ላይ በወጣው የዕቃ ዝርዝር መሠረት ነው። ዝርዝሩ ከልክ ያለፈ እንደሆነ ትርፉ ዕቃ ይመለሳል፤ ወይም ገንዘቡ በመጋዘን ታስሮ ይቀራል። ከልክ ያነሰ እንደሆነ ደግሞ ሥራው ይቆማል። ስለዚህ ይህ ዝርዝር በኮምፒዩተር እንዴት እንደሚወጣ መረዳት ለነጋዴው ይጠቅመዋል።

ዛሬ አርክቴክቱ ግድግዳውን፣ ዓምዱንና ሶሌታውን በኮምፒዩተር ውስጥ እንደ ሙሉ አካል አድርጎ ያቆማቸዋል። በእውነተኛው ሥራ ላይ ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ አንድ ስፍራ ሊይዙ አይችሉም፤ በኮምፒዩተር ውስጥ ግን ዓምዱ በግድግዳው ውስጥ አልፎ ሊቆም ይችላል። መጋጠሚያው ካልተስተካከለ ያ ስፍራ አንድ ጊዜ በአርማታ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በብሎኬት ይቆጠራል።

ለምሳሌ ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲሜትር የሆነ የብሎኬት ግድግዳ እንውሰድ። ይዘቱ 3.6 ሜትር ኩብ ነው። በውስጡ ጎናቸው 40 ሳንቲሜትር የሆነ ሦስት ዓምዶች ቢቆሙ ከግድግዳው 0.72 ሜትር ኩብ ይይዛሉ። ርዝመቱ 40፣ ቁመቱና ውፍረቱ 20 ሳንቲሜትር የሆነ ብሎኬት ከነመጋጠሚያው ቢታሰብ፣ ሳይቀነስ 225፣ ተቀንሶ ግን 180 ብሎኬት ይበቃል። ልዩነቱ በአንድ ግድግዳ ብቻ 45 ብሎኬት ነው፤ በባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ላይ ምን ያህል እንደሚደርስ አንባቢው ራሱ ይገምተው።

ይህን በእጅ ማስተካከል አድካሚ ስለሆነ ፕሮግራሙ ራሱ እንዲሠራው ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ1982 በሀንጋሪ አገር የተቋቋመው ግራፊሶፍት የተባለው ኩባንያ በ2013 ባወጣው አርኪካድ 17 ለእያንዳንዱ የሕንፃ ዕቃ የቅድሚያ ደረጃ እንዲሰጠው አደረገ። ሁለት ዕቃዎች በተገናኙ ጊዜ ከፍተኛ ደረጃ ያለው ዝቅተኛውን ይቆርጠዋል። አርማታ ከብሎኬት ቢበልጥ ዓምዱ ሙሉ ሆኖ ይቀራል፤ ግድግዳው ይቀነሳል። አርማታ ከአርማታ ጋር ሲገናኝ ግን በመካከላቸው ያለው መስመር ጠፍቶ አንድ አካል ይሆናሉ።

ሆኖም ፕሮግራሙ የታዘዘውን ይፈጽማል እንጂ አይመረምርም። ደረጃው ተገላብጦ ብሎኬት ከአርማታ በላይ ቢቀመጥ የሚቆረጠው ዓምዱ ነው፤ የሲሚንቶውና የጠጠሩም ሒሳብ ከሚያስፈልገው በታች ይወርዳል። እንዲሁም ክፍሎቹ የተሣሉባቸው ንብርብሮች የመገናኛ ቁጥራቸው የተለያየ እንደሆነ እርስ በርሳቸው አይቆራረጡም፤ ሒሳቡም እንደ ቀድሞው ሁለት ጊዜ ይሆናል። ንድፉን ለሚያየው ሰው ይህ ስሕተት በቀላሉ አይታይም፤ የሚገለጠው ዕቃው ከተራገፈ በኋላ ነው።

እንግዲህ ነጋዴው ትልቅ ትእዛዝ ከመቀበሉ በፊት ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይበጀዋል። አንደኛ፣ መጠኑ መጋጠሚያው ሳይቀነስ ነው ወይስ ተቀንሶ? ሁለተኛ፣ በሥራ ላይ ለሚሰበረውና ለሚባክነው የተጨመረ አለ ወይስ የለም? ሦስተኛ፣ አንድ ግድግዳ እንኳ በእጅ ተሰልቶ ከዝርዝሩ ጋር ተመሳክሯል ወይ? ጥያቄው የጥቂት ደቂቃ ነገር ነው፤ ያለ ልክ የታዘዘ ዕቃ ግን ገዢንና ሻጭን ያጣላል።