«አሪፍ ነው» ያለ ሁሉ ይገዛል? ከሕንድ ከተሞች የምንማረው

አንድ አዲስ የንግድ ሐሳብ መጣላችሁ እንበል። ለጓደኞቻችሁ ስትነግሯቸው ሁሉም «አሪፍ ነው!» አሏችሁ። ታዲያ የቤተሰብ ቁጠባ አውጥቶ ሥራ ለመጀመር ይህ ይበቃል? አይበቃም። በኢኮኖሚክስ «ፍላጎት» ማለት መውደድ ብቻ አይደለም። ሰዎች በአንድ ቦታ፣ በተወሰነ ጊዜና ዋጋ፣ ከኪሳቸው አውጥተው የሚገዙት መጠን ነው። ስለዚህ ቦታው ሲቀየር ፍላጎቱም ይቀየራል።

ሕንድ ይህን ለማየት ትመቻለች። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ፣ ከነዳርቻቸው ከ1 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ያላቸው 53 ከተሞች ነበሯት።

የዶሳ ሊጥ በሁለት ከተሞች

ዶሳ የደቡብ ሕንድ ምግብ ነው። ሩዝና ጥራጥሬ ይዘፈዘፋል፣ ይፈጫል፣ ሊጡ ቦክቶ ያድርና ልክ እንደ እንጀራ ምጣድ ላይ በስሱ ይጋገራል። እ.ኤ.አ. በ2005 ፒ.ሲ. ሙስጠፋና የአጎቱ ልጆች ቤንጋሉሩ ውስጥ የተዘጋጀ ሊጥ እያሸጉ ለሱቆች ማቅረብ ጀመሩ። በቀን 100 እሽግ መሸጥ እስኪችሉ 9 ወር ፈጀባቸው። ዛሬ ግን «አይዲ ፍሬሽ ፉድ» የተባለው ድርጅታቸው ትልቅ ሆኗል። ለምን? ቤንጋሉሩ ውስጥ ባልም ሚስትም ቢሮ የሚውሉበት፣ ከዘመድ ርቆ የሚኖር ቤተሰብ ብዙ ነው። ገዢው የሚከፍለው ለሊጡ ብቻ ሳይሆን ለሚቆጥበው ጊዜም ነው።

አሁን ይህንኑ ሊጥ እዚያው ካርናታካ ግዛት ውስጥ ወዳለችው ማይሱሩ እንውሰደው። በ2011 ቆጠራ ቤንጋሉሩ ወደ 8.4 ሚሊዮን፣ ማይሱሩ ደግሞ ወደ 0.9 ሚሊዮን ነዋሪ ነበራቸው። ስለዚህ ሽያጩም በ9 እጥፍ ብቻ ያንሳል? እስቲ እናስላ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተወሰዱ ናቸው። በትልቋ ከተማ ከ1,000 ቤተሰብ 200ው ሊጥ የማዘጋጃ ጊዜ የለውም፤ ከእነሱም ግማሹ ይገዛል፤ 100 ገዢ ማለት ነው። በትንሿ ከተማ ጊዜ ያጣው 60 ቤተሰብ ብቻ ነው፤ ከእነሱ ሲሶው ይገዛል፤ 20 ገዢ። ልዩነቱ 9 እጥፍ መሆኑ ቀርቶ 45 እጥፍ ሆነ! ምግቡ ያው ነው፤ የተለየው ችግሩ ነው።

ትንሽ ከተማ ሲያሸንፍ

ተቃራኒውም ይከሰታል። የሲ.ኬ. ራንጋናታን ድርጅት «ቺክ» የተባለውን ሻምፖ ለአንድ ጊዜ መታጠቢያ በሚበቃ ትንሽ ከረጢት፣ በ50 ፓይሳ (በግማሽ ሩፒ) ሸጠ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚያገኙ የገጠርና የትናንሽ ከተማ ሰዎች ሻምፖ ጠልተው አልነበረም፤ ሙሉ ጠርሙስ የሚገዙበት ገንዘብ በአንድ ጊዜ እጃቸው ላይ አይገኝም ነበር። መጠኑ ሲያንስ የተደበቀው ፍላጎት ወጣ።

ወረፋም ያሳስታል

ታታ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 «ናኖ» የተባለችውን ርካሽ መኪና ለገበያ ሲያቀርብ ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች ከፍለው ተመዘገቡ። ፋብሪካውም በዓመት 250 ሺህ መኪና እንዲያመርት ታስቦ ተሠራ። ዓመታዊ ሽያጩ ግን እንኳን ያን ያህል ሊሆን 100 ሺህም አልሞላም፤ በ2018 ምርቱ ቆመ። ከምክንያቶቹ አንዱን ራታን ታታ ራሳቸው ተናግረዋል፦ መኪናዋ «ርካሽ» ተብላ መተዋወቋ ጎድቷታል። ብዙ ሰው መኪና ሲገዛ ክብርንም ይገዛላ።

ታዲያ እንዴት ይለካል?

አንደኛ፣ «ትገዛለህ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ባለፈው ሳምንት ይህን ችግር እንዴት ተወጣኸው? ስንት አወጣህ?» በሉ። ያለፈው ድርጊት ከወደፊቱ ተስፋ ይልቅ ይታመናል።

ሁለተኛ፣ ጥቂት አዘጋጅታችሁ በእውነተኛ ዋጋ ሽጡ። የመጀመሪያውን ግዢ ጉጉት ሊያመጣው ይችላል፤ ተመልሶ የሚመጣውን ሰው ቁጠሩ።

ሦስተኛ፣ በጥቂት ሰው አትታለሉ። ከ20 ሰው 6ቱ ቢገዛ 30 በመቶ ነው። ሰዎቹ በዕጣ የተመረጡ ቢሆኑ እንኳ፣ የከተማው እውነተኛ ቁጥር ከ12 እስከ 54 በመቶ መካከል የትም ሊሆን ይችላል። ከ200 ሰው 60ው ከገዛ ግን ክልሉ ከ24 እስከ 37 በመቶ ገደማ ይጠባል።

አራተኛ፣ በአንዱ ከተማ የተገኘውን ውጤት ወደ ሌላው አትገልብጡ፤ እዚያም እንደ አዲስ ለኩ። ሙከራው የሚያስወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ሳይለኩ የተከፈተ ሱቅ ግን የዓመታት ቁጠባ ሊበላ ይችላል።