የፀሐይ ነፋስ በአዲስ አበባ የመግነጢስ መዝገብ ላይ

ፀሐይ ያለማቋረጥ የምትረጨው የፕሮቶንና የኤሌክትሮን ጅረት፣ ማለትም የፀሐይ ነፋስ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 400 ኪሎ ሜትር ያህል እየከነፈ በአራት ቀን ገደማ ምድር አጠገብ ሲደርስ ከምድር መግነጢሳዊ መስክ ጋር ይጋፋል፤ የሁለቱ ግፊት የሚመጣጠንበት ድንበርም ፀሐይን በሚያየው ወገን ከምድር እምብርት 64,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከዚህ ድንበር ወዲህ ያለውን ክልል ብዙዎች የምድር ጋሻ ይሉታል። ስያሜው ሐሰት ባይሆንም፣ የመለኪያ መዝገብ ለሚያነብ ባለሙያ ነገሩን በግማሽ ብቻ ይገልጸዋል፤ ጋሻው በር አለውና።

እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 ከተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ የተቋቋመው የአዲስ አበባ ጣቢያ፣ 36,000 ናኖቴስላ ገደማ የሆነውን የመስኩን አግድም ጉልበት ይመዘግባል (ናኖቴስላ የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ ነው)። የነፋሱ ግፊት በድንገት ሲበረታ ድንበሩ ወደ ምድር ይጠጋል፣ በመዝገቡ ላይ ያለው መስመርም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሽቅብ ይዘላል። ይህ ዝላይ ዓይን ቢስብም ሊከተለው የሚችለውን የመግነጢስ ማዕበል፣ ማለትም የምድር መስክ መናወጥ፣ ክብደት አይናገርም። ክብደቱን የሚወስነው ነፋሱ ተሸክሞት የሚመጣው መስክ አቅጣጫ ነው፤ የፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ደንጂ እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳስረዳው፣ ያ መስክ ወደ ደቡብ ያዘመመ እንደሆነ ወደ ሰሜን ከሚያመለክተው የምድር መስክ ጋር ስለሚቃረን የሁለቱ መስመሮች ድንበሩ ላይ ተበጥሰው አንዱ ከሌላው ይቀጠላል፣ በሩም ይከፈታል። በዚያ የሚገባው ኃይል ምድርን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚዞር የኤሌክትሪክ ቀለበት ያጠናክራል፤ ቀለበቱም የምድርን መስክ ስለሚያዳክም መስመሩ ለሰዓታት ቁልቁል ይወርዳል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1989 በካናዳ የኩቤክን ግዛት ለዘጠኝ ሰዓት ያህል መብራት ያሳጣው ማዕበል፣ በዓለም አማካይ ሲሰላ መስኩን በ589 ናኖቴስላ ዝቅ አድርጎት ነበር።

ይህ አማካይ ከሚሰላባቸው አራት ጣቢያዎች፣ ማለትም ከሄርማኑስ፣ ከካኪዮካ፣ ከሆኖሉሉና ከሳን ሁዋን መካከል አዲስ አበባ የለችም፤ ምክንያቱም ከተማዋ የመግነጢስ ወገብ በሚባለው መስመር አጠገብ በመሆኗ፣ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ቀን ቀን ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ጠባብ የኤሌክትሪክ ጅረት፣ ኤሌክትሮጄት የሚባለው፣ በአናቷ ያልፋል። ጅረቱ ጸጥ ባለ ቀን እንኳ መስመሩን ከጠዋት ጀምሮ ቀስ በቀስ አንሥቶ እኩለ ቀን አካባቢ ጫፍ ያደርሰዋል፣ ስለዚህ ባለሙያው አስቀድሞ ይህን የዕለት ጉብታ ሳይቀንስ ስለ ማዕበል ሊፈርድ አይችልም። ሆኖም ለአማካዩ እንከን የሆነው ጅረት ሌላ ጥቅም አለው፤ በሩ በቀን ሲከፈት የነፋሱ የኤሌክትሪክ ግፊት በዋልታዎች በኩል በደቂቃዎች ውስጥ እስከ ምድር ወገብ ስለሚዘልቅ፣ ኤሌክትሮጄቱ ወዲያው ሊበረታና ሌላው ዓለም መውረድ ሲጀምር የአዲስ አበባ መስመር ለጊዜው ሽቅብ ሊወጣ ይችላል። ይህን ለመለየት የአዲስ አበባ ንባብ ከጅረቱ ክር ውጭ ካለችው ከአዲግራት ንባብ ጋር ይነጻጸራል፤ የቀለበቱ ጫና ሁለቱንም ከሞላ ጎደል እኩል ስለሚነካ፣ ሲቀናነሱ የሚቀረው ልዩነት የኤሌክትሮጄቱ ድርሻ ነው።