ገንዘቡ ቀድሞ ዕቃው ሲዘገይ

በሞያሌ ከተማ በኬንያ በኩል፥ ከኬላው ብዙ ሳይርቅ፥ ስልክና በፀሐይ የሚሠራ መብራት ከሚሸጥበት አንድ ትንሽ ሱቅ ገብተን ተቀምጠን ነበር። የሱቁ ባለቤት አማርኛን አጥርቶ የሚናገር ወጣት ነው። ሻይ ካስመጣልን በኋላ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አንድ ሥዕል አሳየን። በሥዕሉ ላይ የሚታየው የእጅ መዳፍ የሚያህል ዕቃ ሲሆን፥ ከፀሐይ ኃይል እየተቀበለ ስልክ ይሞላል፤ ሌሊት ያበራል፤ ራዲዮም ያሰማል ተብሎ ተጽፎበታል። ከብት ተከትለው በረሃ ለሚውሉና ለሚያድሩ ሰዎች እጅግ የሚጠቅም ነገር መስሎ ታየን። «ዋጋው ስንት ነው?» ብለን ብንጠይቀው፥ ወጣቱ ፈገግ ብሎ «ዋጋውን ከከፈልሁ አሥራ አራት ወር ሆኖኛል፤ ዕቃው ግን ገና እየተሠራ ነው ይሉኛል» ሲል መለሰልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወጣቱ በኢንተርኔት አማካይነት ለአንድ የውጭ አገር ኩባንያ የሃያ ዕቃ ዋጋ ልኳል። ገንዘቡ የእርሱ ብቻ አልነበረም። ኬንያውያን «ቻማ» ብለው በሚጠሩት፥ ከእኛ ዕቁብ ጋር በሚመሳሰለው ማኅበር ለእናቱ የደረሳቸው ዕጣ ነበረ። አሁን ደግሞ ኩባንያው «ለማጓጓዣ ተጨማሪ ገንዘብ የላከ ሰው ዕቃውን በቅድሚያ ያገኛል» የሚል ደብዳቤ ጽፏል። የእናትየው ሁለተኛ ዕጣ በቅርቡ ስለሚወጣ፥ ልጁ ይህንንም እንዲሰጡት ይለምናቸዋል። እናቱም «ልጄ፥ የመጀመሪያው የታለ?» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልሰጡትም።

ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ፥ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

የሕዝብ መዋጮ ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ሰው አዲስ ዕቃ ለመሥራት አስቦ ገንዘብ ባጣ ጊዜ፥ ሐሳቡን በኢንተርኔት ገልጦ «አሁን ብትከፍሉኝ፥ ዕቃው ሲያልቅ እልክላችኋለሁ» ብሎ ሕዝቡን ይጠይቃል። ለዚህ ሥራ በዓለም የታወቀው ኪክስታርተር የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ሲሆን፥ ሥራውን የጀመረው በ2001 ዓ.ም. ነው። የተጠየቀው ገንዘብ በተወሰነው ቀን ካልሞላ ከማንም ኪስ ምንም አይወሰድም፤ ከሞላ ግን ድርጅቱ ከመቶ አምስት እጅ ለራሱ አስቀርቶ የቀረውን ለሠሪው ያስረክባል።

ይህን ከዕቁብ ጋር ብናስተያየው ልዩነቱ ይገለጥልናል። በዕቁብ ዳኛ አለ፤ ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ይጠራል፤ አባሎቹም ቤት ለቤት ይተዋወቃሉ። በሕዝብ መዋጮ ግን ገንዘብ የሰጠው ሰው ዕቃውን አይቶ እንደሚገዛ ሰው ገዢ አይባልም፤ አበዳሪም አይደለም፤ ከትርፉም ድርሻ የለውም። በእጁ ያለው ተስፋ ብቻ ነው። ያም ሆኖ አብዛኛው ተስፋ አይከሽፍም። በአሜሪካ የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆኑት ኢታን ሞሊክ በ2008 ዓ.ም. ከ47 ሺህ የሚበልጡ ገንዘብ አዋጪዎችን ጠይቀው ባወጡት ጥናት፥ ቃላቸውን ሳይፈጽሙ የቀሩት ሥራዎች ከመቶ ዘጠኝ ያህል መሆናቸውን ገልጸዋል።

ከናይሮቢ የተገኘ ምሳሌ

ለዚህ ነገር የሩቅ አገር ምሳሌ ብቻ መፈለግ አያሻንም። ሞያሌ በምትገኝበት በዚያችው በኬንያ፥ በናይሮቢ ከተማ፥ የኡሻሂዲ ድርጅት ባልደረቦች «ብሪክ» የተባለ መሣሪያ አስበው ነበር። ኡሻሂዲ በስዋሂሊ ቋንቋ «ምስክርነት» ማለት ነው። መሣሪያው የጡብ መልክ ያለው ሆኖ፥ መብራት ሲጠፋ ባትሪው ስምንት ሰዓት ያህል እየሠራ እስከ ሃያ የሚደርሱ ስልኮችንና ኮምፒውተሮችን ከኢንተርኔት ጋር እንዲያገናኝ የታሰበ ነበር። ሠሪዎቹ በ2005 ዓ.ም. 125 ሺህ ዶላር ቢጠይቁ፥ ከ172 ሺህ ዶላር የሚበልጥ ተዋጣላቸው። መሣሪያው በናይሮቢ ታቅዶ በአሜሪካ አገር በቴክሳስ ተገጣጠመ፤ ለሰዎች መላክ የተጀመረውም መዋጮው ካለቀ ከዓመት በኋላ፥ በሐምሌ 2006 ዓ.ም. ነበር። ገንዘብ ያዋጡት ሰዎች ብዙ ጠብቀዋል፤ ነገር ግን ዕቃው ተሠራ።

ሳይደርስ የቀረው በራሪ

ሌላው ምሳሌ ከዚህ የተለየ ነው። በ2007 ዓ.ም. ከእንግሊዝ አገር፥ ከዌልስ፥ «ዛኖ» የተባለች በእጅ መዳፍ ላይ የምታርፍ ትንሽ በራሪ ካሜራ ለሕዝብ ቀረበች። ከ12 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ከ2 ሚሊዮን 300 ሺህ ፓውንድ በላይ አዋጡላት። በተከታዩ ዓመት በኅዳር ወር ግን ኩባንያው ፈረሰ፤ ለሰው የደረሱት በራሪዎችም ጥቂት መቶዎች ብቻ ነበሩ። ኪክስታርተር ነገሩን እንዲመረምር አንድ ጋዜጠኛ ቀጠረ። ጋዜጠኛው በጥር 2008 ዓ.ም. ባወጣው ሐተታ፥ ሠሪዎቹ ለሕዝብ የገቡትን ቃል ለመፈጸም የሚበቃ የእጅ ሙያም ሆነ የንግድ ችሎታ እንዳልነበራቸው አስረዳ። እንግዲህ ገንዘብን የሚያጠፋው ሌብነት ብቻ አይደለም፤ ከአቅም በላይ ቃል መግባትም ያጠፋዋል።

ስለ ተጨማሪ ገንዘብም የሚነገር ምሳሌ አለ። በ2006 ዓ.ም. በአሜሪካ «ኩለስት ኩለር» የተባለ፥ ድምፅ ማጉያና ስልክ መሙያ የተገጠመለት የመጠጥ ማቀዝቀዣ ሣጥን ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተዋጣለት። ገንዘቡ ስላልበቃው ኩባንያው በ2008 ዓ.ም. «97 ዶላር የጨመረ ቶሎ ይላክለታል» አለ። ከዚያ በኋላ በ2012 ዓ.ም. ሲዘጋ፥ ወደ ሃያ ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ሣጥኑን ሳያገኙ ቀርተዋል።

አንድ መሥራትና ሺህ መሥራት

ይህን ስንል የዘገየ ሁሉ አታላይ ነው ማለታችን አይደለም። አንድ ናሙና በእጅ መሥራትና አንድ ሺህ ዕቃ በፋብሪካ ማውጣት እጅግ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የፕላስቲኩ ልባስ የሚወጣው የቀለጠ ፕላስቲክ ከብረት በተቀረጸ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ እየተጨመረ ነው። ቅርጽ ማውጫውን መቅረጽ ሳምንታት ይፈጃል፤ አንዲት ቀዳዳ በጥቂት ከሳተች እንደገና ይስተካከላል። በውስጡ ካለው የኤሌክትሪክ ሰሌዳ አንዲት ጥቃቅን ክፍል ብትጠፋ፥ የቀሩት ሁሉ ተሟልተው ሳለ ሥራው ይቆማል። የሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን ከመጫኑ በፊት የተባበሩት መንግሥታት ያወጡትን ፈተና ማለፍ አለበት። ዕቃው የራዲዮ ሞገድ የሚያሠራጭ ከሆነም፥ የሚገባበት አገር የመገናኛ ባለሥልጣን ሳይፈቅድ አይሸጥም።

ስለዚህ ጠቢብ ሰው የሚመዝነው የመዘግየቱን ብዛት ሳይሆን የሠሪውን ቃል ነው። በእውነት የሚሠራ ሰው ችግሩን በስሙ ጠርቶ ይናገራል፤ ይህ ክፍል ጎደለ፥ ይህ ተበላሽቶ ታረመ ይላል፤ የወሩ ሥዕልም ካለፈው ወር ሥዕል ይለያል። የማይሠራ ሰው ግን «በቅርቡ»፥ «ሥራው በመልካም ሁኔታ ላይ ነው» እያለ ያንኑ ሥዕል መልሶ መላልሶ ይልካል። አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» ያሉት ለዚህ ነው።

ምን ብለን እንጠይቅ?

ከወጣቱ ጋር ሆነን የኩባንያውን ደብዳቤዎች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብን። አሥራ አንድ ደብዳቤዎች ናቸው፤ በአምስቱ ላይ የወጣው ሥዕል አንድ ነው። ሥዕሉም በኮምፒውተር የተሣለ እንጂ ከዕቃው የተነሣ ፎቶግራፍ አይመስልም። ኪክስታርተር ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲህ ያለውን እውነተኛ ዕቃ የሚመስል ሥዕል ለመሣሪያ ሠሪዎች መከልከሉን ነገርነው። የእርሱ ገንዘብ የተላከው ግን በሌላ መንገድ ነበር።

ከዚያ በኋላ አራት ጥያቄዎችን ጻፍን። አንደኛ፥ ናሙናው ሲሠራ ሳይቆራረጥ የተነሣ ፊልም አለን? ሁለተኛ፥ የልባሱ ቅርጽ ማውጫ አልቋልን? ካለቀስ ከእርሱ የወጣው የመጀመሪያው ልባስ የታለ? ሦስተኛ፥ የሚገጣጠመው በየትኛው ከተማ ነው? እስከ ዛሬስ ስንት አልቋል? አራተኛ፥ ከተዋጣው ገንዘብ የቀረው ሥራውን ለመፈጸም ይበቃልን? ካልበቃስ አዲስ የሚጠየቀው ገንዘብ የማጓጓዣ ነው ወይስ የመሥሪያ?

ወጣቱ ጥያቄዎቹን ሲልክ እናቱ ከሱቁ በር አጠገብ ተቀምጠው ይመለከቱት ነበር። እርሱም ቀና ብሎ «እማዬ፥ መልሱ ካላማረኝ ሁለተኛውን አልጠይቅሽም» አላቸው። እርሳቸውም «መልሱ ቢያምርም ዕቃውን አስቀድሜ በእጄ ልያዘው» አሉት።

በማግሥቱ ከሞያሌ ስንነሣ መልስ አልመጣም ነበር። የእናትየው ዕጣ የሚወጣው በሚመጣው ወር ነው፤ ገንዘቡም ከሣጥናቸው እንደማይወጣ ተስማምተዋል። የመጀመሪያው ገንዘብ ምናልባት ይመለስ ይሆናል፤ ምናልባትም ዕቃው አንድ ቀን በኬላው በኩል ይገባ ይሆናል። እኛም ይህ እንዲሆንላቸው እንመኛለን። አዲስ ነገር ለመሥራት የሚደፍርን ሰው መርዳት መልካም ሥራ ነው። የሚረዳ ሰው ግን ቢጠፋ የማይጎዳውን ያህል ብቻ ይስጥ፤ የቤተሰብን ዕጣ ከመስጠቱም በፊት «ዕቃው የታለ?» ብሎ መጠየቅን ከዚያች እናት ይማር።